ኤፍ-14 የተባለው ኤርባስ፦ በረራ 655 እና ሳይታረሙ የቀሩት ቃላት

ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 3 ቀን 1988፣ እሑድ ዕለት ከዋሽንግተን የወጣው የመጀመሪያ ዜና አጭር ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሆርሙዝ ሰርጥ አካባቢ አንድ የኢራን ኤፍ-14 ተዋጊ ጄት መትቶ ጣለ። ዜናው ገና በመናኘት ላይ ሳለ ከቴሄራን ሌላ ወሬ ተከተለ፤ የጠፋው ከባንደር አባስ ወደ ዱባይ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው የሚል። ቀኑ ሳያልቅ ፔንታጎን ራሱ አመነ። የወደቀው የኢራን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300፣ የበረራ ቁጥሩ 655 ነበር፤ የመታችውም ቪንሰንስ የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ናት። የተሳፈሩት 274 መንገደኞችና 16 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 290 ሰዎች፣ አንድም ሳይተርፍ አለቁ። ከ60 በላይ የሚሆኑት ሕፃናትና ልጆች ነበሩ።

“ኤፍ-14” የሚለው ስህተት በአንድ ቀን ታረመ። ችግሩ ያንን ስህተት ደግፈው የቆሙት ሌሎች ቃላት አብረውት አለመታረማቸው ነው። አውሮፕላኑ “ወደ መርከቡ እየወረደ ነበር”፣ “ከሲቪል የበረራ ኮሪደር ወጥቶ ነበር”፣ “ወታደራዊ ምልክት ይልክ ነበር”፣ “በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት አልመለሰም” ተባለ። እነዚህ አራት ዐረፍተ ነገሮች ለስድስት ሳምንታት ያህል በዓለም ጋዜጦች ላይ ተመላለሱ። ሦስቱ ሐሰት ነበሩ፤ አራተኛው ደግሞ ግማሽ እውነት።

እዚህ ላይ ጋዜጠኞች የፈጠሩት አንድም ነገር የለም። ሁሉም ቃል የመጣው የማዕረግ ልብስ ከለበሰ ሰው አፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመርከቡ የደረሰውን የመጀመሪያ ሪፖርት ነበር የሚያነበው። የመገናኛ ብዙኃኑ ጥፋት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ መርከበኛ “መሣሪያው እንዲህ አሳየኝ” ያለውን፣ መሣሪያው በእርግጥ እንዲያ እንዳሳየ አድርገው ጻፉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የዚህ ጉዳይ ቁልፍ፤ ቴክኒካዊዎቹ ቃላት ልዩነቱን ሸፈኑት።

በዚያ ጠዋት የሆነው

የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ወደ ማለቁ ተቃርቧል። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ይመታሉ፤ አሜሪካ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኩዌትን ነዳጅ ጫኞች በራሷ ሰንደቅ ዓላማ ሥር አድርጋ ታጅባለች። በዚያው ዓመት ሜይ 17 ቀን ከኢራቅ አውሮፕላን የተተኮሱ ሁለት ኤግዞሴት ሚሳይሎች ስታርክ የተባለችውን የአሜሪካ ፍሪጌት መትተው 37 መርከበኞች ሞቱ። የስታርክ አዛዥ የተወቀሰው ራሱን ባለመከላከሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ባሕረ ሰላጤው የገባ አዛዥ ሁሉ ይህንን ታሪክ በልቡ ይዞ ነው የገባው።

ቪንሰንስ በ1988 ሜይ መጨረሻ ላይ ደረሰች። ቪንሰንስ ክሩዘር ናት፤ ከፍሪጌት የሚተልቅ የጦር መርከብ ዓይነት። እኛ በአማርኛ ክሩዘሩንም ፍሪጌቱንም “የጦር መርከብ” ብለን እናልፈዋለን፤ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ እዚህ ግን አለው። በዚያ ቀን በአካባቢው ሦስት የአሜሪካ መርከቦች ነበሩ፤ ክሩዘሯ ቪንሰንስ፣ ፍሪጌቶቹ ኤልመር ሞንትጎመሪና ሳይድስ። ከነዚህ መካከል ኤጂስ የተባለው እጅግ ዘመናዊና ውድ የአየር መከላከያ ሥርዓት የነበራት ቪንሰንስ ብቻ ነበረች። የተሳሳተችውም እሷ ናት። ያን ያህል ዘመናዊ ሥርዓት ያልነበራት ሳይድስ ግን ያንኑ አውሮፕላን አይታ አደጋ አይደለም ብላ ትታዋለች። ሁሉም “የጦር መርከብ” ተብሎ ከተጻፈ ይህ ይጠፋል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ቪንሰንስ ከኢራን ፈጣን ጀልባዎች ጋር ተኩስ ገጥማለች። በ4 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በረራ 655 ከባንደር አባስ ተነሣ። የመነሻ ሰዓቱ 3 ሰዓት ከ50 ነበር፤ 27 ደቂቃ ዘግይቷል። ባንደር አባስ ሲቪልም ወታደርም የሚጠቀምበት ማረፊያ ነው። በረራው በጠቅላላ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ፣ 14,000 ጫማ ድረስ ወጥቶ ዱባይ የሚወርድ፣ ለአብራሪው ለካፒቴን ሞህሰን ሬዛኢያን እንደ ዕለት እንጀራ የለመደው መንገድ ነበር። በ4 ሰዓት ከ24 ላይ፣ ገና ከፍታ በመያዝ ላይ ሳለ፣ ከቪንሰንስ የተተኮሱ ሁለት ኤስኤም-2 ሚሳይሎች አገኙት።

በመርከቧ ላይ አንድ መርከበኛ የሲቪል በረራዎችን የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶ ተመልክቶ ነበር። በረራ 655ን ግን አላገኘውም። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ መድፉ ይጮኻል፤ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ተነሥቷል። በዚያ ላይ የመርከቧ ሰዓትና የባንደር አባስ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ይለያያሉ። በሰዓት ልዩነት ሳቢያ ሰሌዳውን አሳስቶ ማንበብ እንዴት ቀላል እንደሆነ በሁለት አገር መካከል ስልክ የደወለ ሁሉ ያውቀዋል።

የአድሚራሉ መግለጫ

የዚያኑ ዕለት የጦር ኃይሎች የጋራ ኤታማዦር ሹሙ አድሚራል ዊልያም ክራው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። አውሮፕላኑ በቀጥታ ወደ ቪንሰንስ አቅጣጫ በ450 ኖት (የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣ እንደነበር፣ ከፍታውን እየቀነሰ እንደነበር፣ ከተመደበው የሲቪል ኮሪደር ውጭ እንደነበር፣ ኤፍ-14 መሆኑን የሚጠቁም የኤሌክትሮኒክስ ምልክትም እንደተገኘ ተናገሩ። መርከቧ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ እንደነበረችም ተነገረ። ክራው ልምድ ያላቸው፣ ከፊተኛው ሪፖርት ብዙ ነገር ሊቀየር እንደሚችል የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ መረጃው የመጀመሪያ መሆኑንም አስረድተዋል። በማግስቱ በታተሙት ጋዜጦች ላይ ግን “የመጀመሪያ” የምትለዋ ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ግርጌ ወረደች፤ “ኮሪደር” እና “እየወረደ” ርዕስ ላይ ወጡ። ከዚያ ሌላው ያንን እያየ ጻፈ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው፤ እኩል ክብደት የላቸውም።

“እየወረደ ነበር”

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ለአንባቢ የሚሥለው ሥዕል አንድ ብቻ ነውና፤ ሊመታ የሚመጣ ጄት። የመንገደኞች አውሮፕላን በተነሣ በሰባተኛው ደቂቃ ወደ ባሕር አይወርድም። ስለዚህ “እየወረደ” የሚለው ቃል የመርከቧን ውሳኔ ምክንያታዊ አስመሰለው፤ ጥፋቱም ወደ አብራሪው ዞረ።

የኤጂስ ሥርዓት የሚያየውን ሁሉ በቴፕ ይመዘግባል። ቴፑ ሲታይ በረራ 655 ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሲወጣ ነበር። ሚሳይሉ በተተኮሰበት ቅጽበት ወደ 12,000 ጫማ ከፍታ ላይ፣ በ380 ኖት ፍጥነት ይበር ነበር። በዚያው ሰዓት ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው መርከበኛ ጮክ ብሎ የሚናገረው ደግሞ 7,800 ጫማ፣ 455 ኖት ነው። መሣሪያው ያሳየው ሌላ፣ ሰውየው ያነበበው ሌላ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የጊዜው የኤጂስ ትልቁ ሰሌዳ የአውሮፕላኑን ቦታና አቅጣጫ እንጂ ከፍታውን አያሳይም ነበር። ከፍታ የሚነበበው ከትንሽ መስኮት ላይ፣ በባዶ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ የሚነግር ቀስት የለም፤ ሰውየው የቅድሙን ቁጥር አስታውሶ ከአሁኑ ጋር ማመዛዘን አለበት። መርከቧ ደግሞ የፊቱ መድፍ ተሰናክሎ የኋላውን ለማዞር በሙሉ ፍጥነት እየታጠፈች ነው፤ ወለሉ አዘንብሏል፣ ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ማብራሪያ አለ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ በሥርዓቱ ውስጥ የተሰጠው መለያ ቁጥር 4474 ነበር። የሳይድስና የቪንሰንስ መረጃ ሲዋሐድ ቁጥሩ ወደ 4131 ተቀየረ፤ 4474 ደግሞ ርቆ ለነበረ ሌላ አውሮፕላን ተሰጠ። በዚያ ትርምስ መሃል በአሮጌው ቁጥር የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ የሌላ አውሮፕላን ይሆናል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ሁሉንም አይፈታም፤ ሐሳብ ግን ያሰፋል።

ቴፑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት መጣ። “ኮምፒውተሩ ተሳሳተ”፣ “ኤጂስ ከሸፈ” ተባለ። ይህም ልክ አይደለም። የኤጂስ ራዳር የሰጠው መረጃ ትክክል ነበር። የከሸፈው መረጃው ለሰው ዓይን የቀረበበት መንገድና በዚያ ጭንቀት ውስጥ የተነበበበት መንገድ ነው። “ማሽኑ ሳተ” እና “ማሽኑ ያለውን ለማንበብ የሚያስቸግር ሰሌዳ ተሠራ” የሚሉት ሁለት ፍርዶች ናቸው፤ የሚጠየቀውም ሰው ይለያያል።

“ከኮሪደር ውጭ”

የአየር ኮሪደር ግድግዳ የለውም። በካርታ ላይ የተሰመረ የመሃል መስመርና በግራና በቀኙ የተፈቀደ ስፋት ነው። ከባንደር አባስ ወደ ዱባይ የሚወስደው አምበር 59 የተባለው መስመር ስፋቱ 20 ማይል ነው፤ ከመሃሉ ወደ እያንዳንዱ ጎን 10 ማይል። በረራ 655 ከመሃል መስመሩ አራት ማይል ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ነበር። ከመሃል መስመር መራቅና ከኮሪደር መውጣት አንድ አይደለም፤ መንገድ ዳር ይዞ የሚነዳ ሰው ከመንገድ ወጥቷል እንደማይባል ሁሉ።

እውነት ወጥቶ ቢሆንስ? ከኮሪደር የወጣ የሲቪል አውሮፕላን ያው የሲቪል አውሮፕላን ነው። ነፋስ ይገፋዋል፣ ደመና ይሸሻል፣ ተቆጣጣሪ ያዛውረዋል። በዜናዎቹ ላይ ግን “ከኮሪደር ውጭ” የሚለው ሐረግ ራሱን የቻለ ማስረጃ ሆኖ ቆመ። ይህንን ጥያቄ በቀላሉ ሊያነሣ የሚችል የአቪዬሽን ዘጋቢ በየትኛውም ትልቅ ጋዜጣ ላይ አይጠፋም ነበር፤ ነገር ግን ዜናው የወታደራዊ ዘጋቢዎች ዜና ሆኖ ነው የተሠራው።

“ወታደራዊ ምልክት”

አውሮፕላኖች ትራንስፖንደር የሚባል መሣሪያ ይዘዋል። ከመሬት ወይም ከመርከብ በሬዲዮ ሲጠየቅ በራሱ መልስ ይሰጣል። መልሱ በየሞዱ ይከፋፈላል፤ ሞድ 1 እና ሞድ 2 የወታደር ናቸው፣ ሞድ 3 ወታደሩም ሲቪሉም የሚጠቀሙበት ነው። በረራ 655 በሞድ 3፣ 6760 በሚል ኮድ እየመለሰ ነበር። የቪንሰንስ ቴፕ ላይ የሚገኘውም ይኸው ነው።

ታዲያ ሞድ 2 ከየት መጣ? የመርከቧ ጠያቂ መሣሪያ የት ርቀት ላይ ያለውን መልስ እንደሚያዳምጥ ኦፕሬተሩ ነው የሚያስተካክለው። መርከበኛው መሣሪያውን ባንደር አባስ ላይ እንዳነጣጠረ ተወው፤ አውሮፕላኑ ግን ከማረፊያው ርቆ ሄዷል። በዚያን ጊዜ የተነበበው 1100 የሚል የሞድ 2 ኮድ ማረፊያው ላይ ከነበረ ወታደራዊ አውሮፕላን የመጣ ሊሆን እንደሚችል ምርመራው ደምድሟል። ኮዱ ደግሞ ከኢራን ኤፍ-14ዎች ጋር የሚያያዝ ነበር። አንድ ጊዜ “ኤፍ-14” የሚል ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ከተሰማ በኋላ የሚቀጥለው ሁሉ በዚያ መነጽር ታየ።

ይህ ሁሉ በዜና ላይ ሲጨመቅ “አውሮፕላኑ ወታደራዊ ምልክት ይልክ ነበር” ሆነ። ባለቤቱን ልብ ይሏል። ምልክቱን የላከው “አውሮፕላኑ” ነው ተባለ። መባል የነበረበት “አንድ መርከበኛ ወታደራዊ ምልክት አነበብሁ ብሏል” ነበር። በቴክኒክ ዜና ላይ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ይመስለኛል፤ ቃሉን ባለማወቅ ሳይሆን የግሡን ባለቤት በመቀየር።

“ማስጠንቀቂያ አልመለሰም”

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቪንሰንስ አሥር ጊዜ ጠርታለች። ሰባቱ የተላለፉት በወታደራዊው የአደጋ ጊዜ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ኤርባሱ ያንን የሚሰማ ሬዲዮ የለውም። ሦስቱ በሲቪሉ የአደጋ ጊዜ ሞገድ ተላልፈዋል። ነገር ግን የሚጠሩት “ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን” እያሉ ነው፤ የጠቀሱት ፍጥነት ደግሞ ራዳር ከመሬት አንጻር የለካውን 350 ኖት ነው። አብራሪው ከፊቱ የሚያየው በአየር ውስጥ ያለውን ፍጥነት ነው፤ እሱም 50 ኖት ያነሰ ነበር። ሰውየው ይህንን ቢሰማ እንኳ “እኔን ነው የሚሉት” ለማለት ምክንያት የለውም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምርመራም ይህንኑ አጉልቶ አሳይቷል፤ ከሲቪሉ ጥሪዎች አብዛኞቹ አብራሪዎቹ ራሳቸውን የሚያውቁባቸው አልነበሩም። ካፒቴኑ በዚያው ሰዓት ከኢራን የበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋር በእንግሊዝኛ እየተነጋገረ ነበር።

በዘገባው ላይ “በተደጋጋሚ” የሚለው ቃል ቁጥሩን ያዘ፤ በየትኛው ሞገድ የሚለውን ግን ጣለው።

ስለ ኤፍ-14 ራሱ

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ 54 ሜትር የሚረዝም ኤርባስ 19 ሜትር ከሚሆን ጄት ጋር እንዴት ይምታታል? ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን ራዳር ፎቶግራፍ አያነሣም። በሰሌዳው ላይ ሁለቱም አንድ ምልክት ናቸው። ተመልሶ የሚመጣው ማሚቶ ጥንካሬ በአውሮፕላኑ ቅርጽና በሚታይበት ማዕዘን ይለያያል፤ ከፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ርዝመቱ ብዙም አይናገርም። ስለዚህ በዚህ ጥያቄ መርከበኞቹን መክሰስ ያለ ቦታው ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ኢራን በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካ የገዛቻቸው 79 ኤፍ-14ዎች የተሠሩት በዋናነት የጠላት አውሮፕላንን በአየር ላይ ለመግጠም ነው። ታዋቂው ፊኒክስ ሚሳይላቸውም አየር ለአየር ነው። እንደ ኢራቆቹ ከሩቅ ሆኖ መርከብ በኤግዞሴት የሚመታ አውሮፕላን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ስታርክ ላይ የደረሰው እየተነሣ “ተዋጊ ጄት” የሚለው ቃል ብቻውን ሁሉንም ሥራ ሠራ፤ አንዱ ተዋጊ ጄት ከሌላው እንደሚለይ ሳይነገር።

ኦገስት 19

ምርመራውን የመሩት ሪር አድሚራል ዊልያም ፎጋርቲ ነበሩ። ሪፖርታቸው ኦገስት 19 ቀን 1988 ይፋ ሲሆን የመከላከያ ሚኒስትሩ ፍራንክ ካርሉቺና አድሚራል ክራው አብረው ቀረቡ። አውሮፕላኑ በኮሪደሩ ውስጥ እንደነበር፣ ይወጣ እንደነበር፣ በሲቪል ኮድ ይመልስ እንደነበር በራሳቸው አፍ አረጋገጡ። ጥፋቱ በጭንቀት የመጣ የሰው ስህተት ተባለ፤ ሰዎቹ አስቀድመው የጠበቁትን ታሪክ ከሚመጣው መረጃ ጋር አገጣጠሙት የሚል ማብራሪያም ተሰጠ። የቪንሰንስ አዛዥ ካፒቴን ዊል ሮጀርስ አልተቀጡም።

እርማቱ ግልጽ ነበር፤ ችግሩ ጊዜው ነው። ሐዘኑና ቁጣው ጁላይ ላይ አልፏል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም ተከራክሮ ውሳኔ ቁጥር 616ን ጁላይ 20 ቀን አሳልፏል። በዚያ ክርክር ላይ የአሜሪካን አቋም ለማስረዳት የቀረቡት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ቡሽ ነበሩ። ኦገስት ላይ የወጣ ቁጥር ጁላይ ላይ የተሰጠን አስተያየት አይለውጥም።

ሪፖርቱ ያላስተካከለው አንድ ትልቅ ነገርም ነበር፤ መርከቧ የት ነበረች? “ዓለም አቀፍ ውኃ” የሚለው እስከ ጁላይ 1992 ድረስ ጸንቶ ቆየ። በዚያ ወር ኒውስዊክ መጽሔትና የኤቢሲው ናይትላይን ፕሮግራም በጋራ ባወጡት ምርመራ ቪንሰንስ ጀልባዎቹን እያሳደደች ከኢራን ጠረፍ 12 ማይል ክልል ውስጥ ገብታ እንደነበር ተገለጸ፤ ክራውም ይህንን አመኑ። በነገራችን ላይ ከዚህ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1989፣ የሳይድስ አዛዥ የነበሩት ዴቪድ ካርልሰን በባሕር ኃይሉ የሙያ መጽሔት ላይ ቪንሰንስን አጥብቀው ተችተው ነበር። መርከቧ ከአደጋው በፊት በባልደረቦቿ ዘንድ “ሮቦ ክሩዘር” የሚል ቅጽል እንደነበራትም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ነገሩን በዓይኑ ያየ የባሕር ኃይል መኮንን በስሙ ጽፎ ሳለ ሰፊው ሕዝብ እውነቱን ለማግኘት ተጨማሪ ሦስት ዓመት ፈጀበት።

ስለ ቃላት ምርጫ አንድ ንጽጽር ሳላነሣ አላልፍም። በ1983 ሴፕቴምበር 1 ቀን የሶቪየት ተዋጊ ጄት የኮሪያ አየር መንገድን በረራ 007 መትቶ 269 ሰዎች ሲሞቱ፣ ኒውስዊክ ሽፋኑ ላይ “በአየር ላይ የተፈጸመ ግድያ” ብሎ ነበር። በ1988 የዚያው መጽሔት ሽፋን “ለምን እንደሆነ” የሚያስረዳ ነበር። የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪው ሮበርት ኤንትማን በ1991 ባወጣው ጥናት ሁለቱን ሽፋኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዱ የሥነ ምግባር ወንጀል፣ ሌላው የቴክኒክ ችግር ሆኖ እንደቀረበ አሳይቷል። እኔ የምጨምረው ይህንን ነው፤ ቴክኒካዊ ቃላት ባይኖሩ ኖሮ ሁለተኛው አቀራረብ አይቆምም ነበር። “ሞድ 2” እና “ኮሪደር” ያልገባው አንባቢ፣ ነገሩ ከእሱ ዕውቀት በላይ ነው ብሎ ለባለሙያ ይተወዋል።

ዛሬም የሚደጋገሙት

አሜሪካ ጥፋቷን በማሳነስ ስትታማ ኖራ፣ ዛሬ በየጽሑፉ የሚገኙት ስህተቶች ደግሞ በአብዛኛው ወደ ሌላው ወገን ያደሉ ናቸው። ሦስቱን ላንሣ።

አንደኛው፣ “የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አሜሪካ ካሣ እንድትከፍል ፈረደ” የሚለው ነው። ኢራን በሜይ 1989 በዘ ሄግ ክስ መመሥረቷ እውነት ነው። ፍርድ ግን አልተሰጠም። ሁለቱ መንግሥታት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1996 ተስማምተው ክሱ ተዘጋ። ለ248ቱ ኢራናውያን ሟቾች ቤተሰቦች 61.8 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ አሜሪካ የከፈለችው በበጎ ፈቃድ እንጂ የሕግ ተጠያቂነትን አምና አይደለም። አንዳንድ ጽሑፎች ላይ የሚታየው 131.8 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ሌሎች የኢራን ጥያቄዎች የተካተቱበት ጠቅላላ ድምር ነው፤ ለቤተሰቦች የተከፈለ አይደለም።

ሁለተኛው፣ “ካፒቴን ሮጀርስ አውሮፕላኑን በመጣሉ ተሸለመ” የሚለው ነው። ሮጀርስ በ1990 ሊጅን ኦፍ ሜሪት የተባለውን ኒሻን ተቀብለዋል። ሽልማቱ ግን ከ1987 እስከ 1989 መርከቧን ላዘዙበት ዘመን በሙሉ የተሰጠ ነው፤ በጽሑፉ ላይ በረራ 655 አልተጠቀሰም። ለእንዲህ ዓይነት አዛዥ በዚያ ጊዜ ኒሻን መስጠት ተገቢ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔም ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን “በመግደሉ ተሸለመ” እና “ቢገድልም ተሸለመ” የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ ሁለተኛው እውነት ስለሆነ የመጀመሪያው አያስፈልግም።

ሦስተኛው ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ነው። ጆርጅ ቡሽ “ስለ አሜሪካ መቼም ይቅርታ አልጠይቅም፤ እውነታው ምንም ይሁን ግድ የለኝም” ማለታቸው በየዓመቱ ጁላይ ላይ ከአውሮፕላኑ ፎቶግራፍ ጋር ተያይዞ ይዞራል። ንግግሩን ተናግረዋል። የተናገሩት ግን ኦገስት 1988 ላይ፣ በምርጫ ዘመቻ መድረክ፣ ስለ በረራ 655 ሳይሆን ስለ አገራቸው አጠቃላይ አመለካከታቸውን ለደጋፊዎች ሲገልጹ ነው። ፎጋርቲ ሪፖርት ሊወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው የተነገረ ስለሆነ ከጉዳዩ ጋር ለማያያዝ ይመቻል። በጸጥታው ምክር ቤት ስለ አውሮፕላኑ በቀጥታ የተናገሩት ግን በጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የአሜሪካን አቋም መተቸት የሚፈልግ ሰው እዚያ ውስጥ ለመተቸት የሚበቃ ነገር አያጣም።